«አንዴ ታምሜያለሁ» ያለ ሁሉ ተከላክሏል ማለት አይደለም

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ወረርሽኝ በመጣ ቁጥር ድሬዳዋ በርጫ ላይ የማይቀር ሙግት አለ፤ «ታሞ የዳነን ሰው ክትባት ምን ይጨምርለታል?» የሚል። ጥያቄው አይናቅም። ታሞ መዳን የመከላከል አቅም ይሰጣል፤ ይህን የሚክድ የጤና ባለሙያ ካለ ተሳስቷል። የሙግቱ ጉድለት ሁሉንም በሽታ በአንድ ሚዛን መመዘኑ ነው።

ኩፍኝ አንዴ የወጣበት ሰው ዕድሜ ልኩን አይደግመውም። ክትባቱ ግን በ9 ወር ሲሰጥ ከ100 ሕፃናት 85 ያህሉን ብቻ ነው የሚከላከልላቸው፤ በ15 ወር የሚደገመውም ለዚሁ ነው። በዚህ ብቻ ከሆነ ተፈጥሮ ረታች። ሆኖም ኩፍኝ ሰውነት ለሌሎች በሽታዎች ያጠራቀመውን መከላከያ ይደመስሳል። በ2012 ዓ.ም. ይፋ የሆነ ጥናት ያልተከተቡ ልጆች ከኩፍኝ በኋላ ከነበራቸው ፀረ እንግዳ አካል ከ11 እስከ 73 በመቶ እንዳጡ አሳይቷል። «ይውጣለት» ተብሎ ጨለማ ቤት የተኛ ልጅ ኩፍኙን ቢያልፍ እንኳ የሳንባ ምችና ተቅማጥ ደጁ ላይ ይጠብቁታል።

በ2006 ዓ.ም. ከተማችን የገባው፣ በትንኝ የሚተላለፈው ደንጊ ደግሞ ጭራሽ የተገላቢጦሽ ነው። ቫይረሱ አራት ዓይነት ነው። በአንዱ የታመመ ሰው ያንኑ ዓይነት አይደግመውም፤ ሌላው ዓይነት ሲመጣበት ግን የቀድሞው ፀረ እንግዳ አካል ቫይረሱ ላይ ይጣበቃል እንጂ አያመክነውም፤ እንዲያውም ወደ ሴል ያስገባዋል። ሁለተኛው ሕመም የሚከፋው ከዚህ የተነሳ ነው። ክትባትም ከዚህ ጣጣ አላመለጠም። ፊሊፒንስ ውስጥ ከ8 መቶ ሺህ በላይ ልጆች ዴንግቫክሲያ የተባለውን የደንጊ ክትባት ከተከተቡ በኋላ፣ ደንጊ ይዞት የማያውቅን ሰው ለከባድ ሕመም ሊያጋልጥ እንደሚችል አምራቹ ሳኖፊ በ2010 ዓ.ም. አስታወቀ። ክትባቱ ራሱ እንደ መጀመሪያ ሕመም ተቆጠረ ማለት ነው። ክትባት ሲባል ሁሉንም በጅምላ የሚያወድሱ ወገኖችም ይህን ቢያስቡበት አይከፋም።

በ2011 ክረምት ከተማውን ያንኮራኮተው፣ እሱም በትንኝ የሚተላለፈው ቺኩንጉንያስ? እሱ አንዴ ከያዘ ለረጅም ዘመን አይመለስም፤ ቁርጥማቱ ግን ለወራት ይቆያል።

ኮሮና በእነዚህ መካከል ነው። በኳታር የተደረገ ጥናት እንዳሳየው ታሞ መዳን ዴልታ በተባለው የቫይረሱ ዝርያ ዳግም ከመያዝ 90 በመቶ ገደማ ይከላከል ነበር፤ ኅዳር 2014 ላይ የመጣው ኦሚክሮን የተባለ ዝርያ ይህን ወደ 56 በመቶ አወረደው። ከከባድ ሕመም መጠበቁ ግን ብዙም አልቀነሰም። ታሞ ድኖ ላዩ ላይ የተከተበ ሰው ታሞ ብቻ ከዳነውም ሆነ ተከትቦ ብቻ ካለው በላይ ይጠነክራል። ለአረጋዊ፣ ለስኳርና ለልብ ሕመምተኛ ይህች ጭማሪ ዋጋ አላት፤ ለጤነኛ ወጣት ጥቅሟ አነስተኛ ነው።

ደግሞስ ታምሞ የነበረው በእርግጥ በኮሮና ነው? እዚህ አገር ትኩሳትና ቁርጥማት ወባም፣ ደንጊም፣ ታይፎይድም ሊሆን ይችላል። ያልተመረመረ ሰው «ይዞኝ ነበር» ቢል ግምት ነው። የፀረ እንግዳ አካል ምርመራም ቢሆን ዓይነቱ መጠየቅ አለበት፤ «ኤስ» ለተባለው የቫይረሱ ፕሮቲን የተሠራውን ፀረ እንግዳ አካል የሚፈልገው የተከተበውንም የታመመውንም አንድ አድርጎ ያሳያል፣ «ኤን» ለተባለው ሌላ ፕሮቲኑ የተሠራውን የሚፈልገው ግን የአስትራዜኔካን ክትባት ብቻ የወሰደን ሰው ከታመመው ይለያል። ሁለቱም ቢሆኑ «ከእንግዲህ አይዝህም» የሚል ዋስትና አይሰጡም።

የኮሮና ክትባት ተከትቦ ማተኮስ በ1 ወይም በ2 ቀን ይበርዳል። ከዚያ ካለፈ ክትባቱን መውቀሱን ትቶ ደም መመርመር ነው። እስከዚያው ፓራሲታሞል ብቻ፤ ለአዋቂ በየ6 ሰዓቱ ባለ 500 ሚሊግራም 1 ወይም 2 ፍሬ፣ በ24 ሰዓት ከ8 ፍሬ ሳያልፍ። ከመድኃኒት ቤት በቀላሉ የሚገዙት ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን፣ በሽታው ደንጊ ከሆነ መድማትን ያባብሳሉ። ደንጊ የሚያዘናጋውም ትኩሳቱ ሲወርድ ነው፤ ከ3ኛው እስከ 7ኛው ቀን ባለው ጊዜ ትኩሳቱ በርዶ ሆድ በኃይል ከታመመ፣ ትውከት አልቆም ካለ ወይም ድድ ከደማ፣ ሕመምተኛውን «ተሻለው» ብሎ ቤት ማስተኛት ሳይሆን ያኔውኑ ሆስፒታል ማድረስ ነው።

ከአክብሮት ጋር
የኅብረተሰብ ጤና ባለሙያዎች፣ ከድሬዳዋ