የጾም ብስኩትና ያቺ ክብ ምልክት

እህት ዓለሜ፣

እንደምን ከረምሽ? ልጆቹስ? ባለቤትሽስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን።

ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ መስመር ሳልጽፍልሽ ከረምሁ። ኔትወርኩ ጠፍቶ እንደነበር ታውቂያለሽ። ከመጣ በኋላ ግን ጥፋቱ የእኔው ነው። ምን ብዬ ልጀምር እያልሁ፣ ዛሬ ነገ ስል ቀኑ ሄደ። ይቅር በይኝ።

የላክሽው ዕቃ በሰው እጅ ፍኖተ ሰላም ድረስ ደርሶልኛል። ልብሱ ልክክ ብሎላቸዋል። ብዕር ያስነሳኝ ግን ኮርንፍሌክሱ ነው። ትልቋ ልጄ ስድስተኛ ክፍል ደርሳለች፤ እንግሊዝኛ ካየች ሳታነብ አታልፍም። ካርቶኑን ስታገላብጥ አንዲት ክብ ምልክት አገኘች። «እማዬ፣ ባዮኢንጂነርድ ምንድን ነው?» አለችኝ። ዝም አልሁ። ስለማበላት ነገር ጠይቃኝ መልስ ሳጣ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

ስጦታሽን ማማረሬ እንዳይመስልሽ። ነገሩ ግን እንቅልፍ ነሳኝና ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ሰነበትሁ።

ምልክቷ እናንተ ጋ አሜሪካ ግዴታ የሆነችው እ.ኤ.አ. ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ ነው። ዘረመሉ (ጂኑ) በላቦራቶሪ የተለወጠ እህል አለበት ማለት ነው። እዚያ ከሚዘራው በቆሎና አኩሪ አተር ከ90 በመቶ በላዩ እንዲህ ያለ ነው። ሕጉ ሲወጣ ግን ቀዳዳ ነበረው። በደንብ የተጣራ ዘይትና ስኳር፣ የተለወጠው ዘረመል በምርመራ ካልተገኘበት፣ ምልክት አያስፈልገውም ተባለ። አውሮፓ ዘይቱም ላይ ይጻፍ ይላል። ሳይታሰብ ለተቀላቀለው እንኳ አሜሪካ እስከ 5 በመቶ ስትታገሥ፣ አውሮፓ ከ0.9 በመቶ በላይ አያልፍም። እኔ ብጠየቅ የአውሮፓውን እመርጣለሁ። ዘይቱ ከምን ዘር እንደተጨመቀ ማወቅ እፈልጋለሁ።

«ምን ያስፈራሻል?» ትይኝ ይሆናል። አልፈራሁም። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ሰፊ ሪፖርት፣ ይህ ምግብ ከሌላው ይልቅ ጤና እንደሚጎዳ የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘንም ብለዋል። ተቀብያለሁ።

ግን የጾም ብስኩትን አስቢ። እዚህ ሱቅ ብስኩቱ ላይ «የጾም» ተብሎ ይጻፋል። ወተትና ቅቤ መርዝ ሆነው ነው እንዴ? የሚበላው ሰው የራሱ ሥርዓት ስላለው ነው። ባለሱቁም «መጀመሪያ ወተት እንደሚጎዳ አስረጂኝ» ብሎኝ አያውቅም። ጠየቅሁ፣ ነገረኝ፣ በቃ። ጤፍ ስንገዛስ? «የየት ነው?» እንላለን። የአዴት ነው፣ የቢቸና ነው፤ ማኛ ነው፣ ሰርገኛ ነው። ሁሉም ይነገረናል። አምና አንድ ቦታ ሽሮ ስገዛ «ጓያ አለበት?» ብዬ ጠየቅሁ። «የለበትም» አሉኝ። ኋላ የፈጨው ሰው ነገረኝ፤ ነበረበት። ልጆቼ በልተውት ነበር። ከጓያው ይልቅ እስካሁን የሚያንገበግበኝ ጠይቄ መዋሸቴ ነው።

ወሬውም ያሳስበኛል። እዚህ ሁሉም ነገር ጂኤምኦ፣ ማለትም ዘረመሉ የተለወጠ፣ ነው ይባላል። እናቴ ቡሬ ያለውን የወንድሜን በቆሎ እያየች «ይሄ የኛ በቆሎ አይዶለም» ትላለች። ቢኤች 660 ነው እኮ! የበቆሎ ዘሮችን እርስ በርስ አዳቅለው ያወጡት ድቅል ነው እንጂ ዘረመሉ በላቦራቶሪ የተለወጠ አይደለም። ዘሩ በየዓመቱ የሚገዛው መልሰው ቢዘሩት ምርቱ ስለሚቀንስ ነው። ቁንጮ ጤፍንም ይጠረጥሩታል። እሱም ነጩን ማኛ ከሌላ ምርታማ ጤፍ ጋር አዳቅለው ደብረ ዘይት ላይ ያወጡት ነው። ይሄኛው ልውጥ ነው፣ ያኛው አይደለም የሚል ጽሑፍ በሌለበት፣ ሁሉም አንድ ላይ ይታማል። የሚጎዳው ደግሞ ምርጥ ዘር ፈርቶ የተወ ገበሬ ነው።

እኛም አገር እንዲህ ያለውን ልውጥ ዘር የሚቆጣጠር የደህንነተ ሕይወት አዋጅ አለ፤ በ2001 ዓ.ም. ወጥቶ በ2007 ተሻሻለ። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ትል የሚቋቋም ልውጥ ጥጥ እንዲዘራ ተፈቀደ። ከአፈር ባክቴሪያ የተወሰደ ዘረመል ገብቶበት ነው ትሉን የሚችለው። ጥጥ አይበላም ይሉኛል። የጥጥ ፍሬ ዘይትስ? ላም የምትበላው ፋጉሎስ? ቤቴ ያለውን የአኩሪ አተር ዘይት ጀሪካን አገላብጬ አየሁት። ስለ ዘሩ አንድም ቃል የለበትም። ይጻፍልኝ። በአማርኛ፣ በሚነበብ ፊደል። በስልክ የሚታይ ኮድ ለእናቴ አይሆናትም።

ለልጄ በመጨረሻ ነገርኋት። «ሰዎች ትል እንዳይበላው ወይም የአረም መድኃኒት እንዲችል ብለው ዘሩን ለውጠውታል። ያጠኑት ሰዎች አይጎዳም ብለዋል። ትበያለሽ?» አልኋት። ትንሽ አሰበችና «እበላለሁ» አለች። ታናሿም ተከተለቻት። ካርቶኑ አልቋል፤ እኔም ቀምሻለሁ።

አንቺስ ገበያ ስትወጪ ያቺን ምልክት ታያታለሽ? ጎረቤቶችሽስ? እውነቱን ጻፊልኝ።

ዕቃ የሚይዝልኝ ሰው ለፋሲካ ይመለሳል። ሽሮ አዘጋጅቼልሻለሁ። ከረጢቱ ላይ በልጄ የእጅ ጽሑፍ ሁሉም አለበት፤ አተር፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ኮረሪማ፣ በርበሬ። ከታች ደግሞ በትልቁ «ጓያ የለበትም» ብላለች። አጠገቧ ቆሜ ነው የጻፈችው።

ናፋቂ እህትሽ
ከፍኖተ ሰላም