ከሥራ በተቀነስኩባቸው ጊዜያት ከጎኔ ለቆማችሁ ሁሉ

ምስጋና ሁሉ ለአላህ ይሁን።

ባለፈው ሳምንት የ60 የሥራ ቀን የሙከራ ጊዜዬን ጨርሼ የቋሚ ቅጥር ደብዳቤ ተቀብያለሁ። ኮምቦልቻ በሚገኝ አንድ የልብስ ፋብሪካ የስፌት ማሽን ጥገና ባለሙያ ነኝ። ደመወዜ ስፌት ላይ ተቀምጬ አገኘው ከነበረው በእጅጉ ይሻላል። የጡረታ መዋጮዬም በየወሩ እየገባ ነው፤ ከእኔ 7 በመቶ፣ ከፋብሪካው 11 በመቶ። ይህን መልእክት ቀደም ብዬ ልጽፍ ስነሣ እናቴ «ሥራው ይጽናልሽ፤ ከዚያ ታመሰግኛለሽ» ብላ አቆየችኝ። አሁን ጸንቷል፤ ከዚህ በላይ መቆየትም አልቻልኩም።

ለማታውቁኝ በአጭሩ ልናገር። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሐምሌ 2009 ዓ.ም. ተመርቆ ፋብሪካዎች ሠራተኛ መቅጠር ሲጀምሩ፣ በማለዳ ከደሴ ተነሥተው የሐረጎን ዳገታማ መንገድ በሰርቪስ ቁልቁል ከሚወርዱት ወጣቶች አንዷ ነበርኩ። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ደረሰ። ኅዳር መጨረሻ ላይ ወደ ቤታችን ስንመለስ የምንሠራበት ድርጅት ሥራውን መቀጠል የሚችልበት ሁኔታ አልነበረም። አንድ ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ኢትዮጵያ ከአጎዋ ዕድል ታገደች፤ ልብሳችን ያለ ቀረጥ አሜሪካ የሚገባበት በር ተዘጋ። ቆይቼ ያገኘሁት ሁለተኛ ፋብሪካም ትእዛዝ እየሳሳበት ሄደና ሠራተኛ ቀነሰ። ከዚያ ደሴ ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም በሚሰፋ አነስተኛ ድርጅት ተቀጠርኩ፤ እርሱም የጨርቅ ዋጋ ሲንር እኛን አሰናበተ።

በተቀነስኩ ቁጥር «ምን አጥፍተሽ ነው?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም ነበር። ገበያ ሲዘጋ የሚቀነሰው በርትቶ የሚሠራውም ጭምር ነው። ከሥራ የተቀነሰ ሰው እንደ ሌባ አንገቱን ደፍቶ በሰፈሩ ሲያልፍ ሳይ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ይህን ጥያቄ አንድ ቀን እንኳ ያልጠየቃችሁኝን ነው ዛሬ የማመሰግነው።

በመጀመሪያ ጋሼን። ስሜን እንዳትጠሪ ስላሉኝ አልጠራም፤ አብረን የሠራን ግን እናውቃቸዋለን። በመጀመሪያው ፋብሪካ የመስመራችን ሜካኒክ ነበሩ። ማሽን ቆሞብን እጃችንን ስናነሣ በሩጫ ነበር የሚመጡት። ማሽኗ የቆመባት ሠራተኛ የቀኑን ኮታ እንደማትሞላ ከልባቸው ያውቁት ነበር። የእኔ እንጀራ ሲቋረጥ የእርሳቸውም ተቋረጠ። ኮምቦልቻ በሚገኘው ቤታቸው ባለች ጠባብ ክፍል የልብስ ሰፊዎችን ማሽን መጠገን ጀመሩ። ከመጨረሻው ቅነሳ በኋላ ሥራ ካለ ብዬ ሄድኩባቸው። የሚቀጥሩበት አቅም እንደሌላቸው በግልጽ ነገሩኝ። ቡና አስፈልተው ካስቀመጡኝ በኋላ ግን፣ «ማሽን ሲታመም ከሜካኒክ ቀድማ የምታውቀው የምትሰፋበት ናት። አንቺ ድምፁን ታውቂዋለሽ። ለምን ጥገና አትማሪም?» አሉኝ። ሌሎች «የሴት ሥራ አይደለም» ሲሉኝ፣ ከእርሳቸው አፍ ግን ይህ ቃል ወጥቶ አያውቅም።

ያስተማሩኝ በነጻ ነው። መጀመሪያ ያሳዩኝ ስፌት ለምን እንደሚዘል ነበር። የመርፌውን ሳህን ፈትተው አነሡት፤ ባትሪ አበሩና መንኮራኩሩን በእጃቸው ቀስ አድርገው አዞሩት። መርፌው እስከ ታች ይወርዳል። ከዚያ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ሲል ክሩ ከመርፌው ጎን ትንሽ ቀለበት ይሠራል። ከሥር የሚዞረው የሹትሉ ጫፍ ልክ በዚያች ቅጽበት ደርሶ ቀለበቷን ማንሣት አለበት። ከቀደመ ቀለበቷ ገና አልተሠራችም፤ ከዘገየም አታገኝም፤ ስፌቱ ይዘላል። ለዓመታት በእግሬ ስነዳው የኖርኩት ማሽን ውስጡ ይህን ያህል የተለካ መሆኑን ያን ቀን አየሁ። እስኪመሽ ድረስ መንኮራኩሩን እያዞርኩ ተመለከትኩት። ጋሼ የሚጠግኑት የሰው ማሽን ተደርድሮ እየጠበቃቸው እንኳ አልቸኮሉብኝም።

«ካቻቢቴ ከማንሣትሽ በፊት መርፌውን እዪ» የሚለውን ደግሞ ስንት ጊዜ እንደነገሩኝ አላህ ያውቃል። የአሁኑ ፋብሪካ ለፈተና የሰጠን ስፌት የሚዘል ማሽን ነበር። መርፌውን አውጥቼ ጫፉን በጥፍሬ ስዳስሰው ተጣሟል፤ ቀየርኩት። አሁንም ዘለለ። ሳህኑን ፈትቼ ሹትሉን ስመለከት ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። ብሎኖቹን አላልቼ ቦታውን አስተካከልኩ፤ አጥብቄ ቁራጭ ጨርቅ ላይ ሰፋሁበት። ፈታኙ ጨርቁን ወደ መስኮቱ አንሥቶ ከዳር እስከ ዳር ተመለከተውና «ማን ነው ያስተማረሽ?» አለኝ። ጋሼ፣ እዚያ ስምዎን ጠርቻለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ፣ ኩራቴ አላስቻለኝም። የብቃት ምዘናውን እንድወስድ የገፋፉኝም እርስዎ ነዎት። አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ።

ቀጥሎ በሁለተኛው ፋብሪካ የሰው ኃይል ክፍል ትሠሪ ለነበርሽው እህቴ። የቅነሳው ዝርዝር የተለጠፈ ቀን አብዛኞቻችን የመጨረሻ ደመወዛችንን ተቀብለን በእንባ ልንበተን ነበር። አንቺ በምሳ ሰዓት ሰብስበሽን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን በሚገባን ቋንቋ አስረዳሽን። የስንብት ክፍያ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ መሆኑን፣ ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ ሲሶ እንደሚታከል፣ በቅነሳ የሚሰናበት ሠራተኛ ደግሞ በላዩ ላይ የ60 ቀን ደመወዝ እንደሚገባው፣ ሒሳቡም በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መከፈል እንዳለበት የሰማሁት ከአንቺ ነው። የሥራ ልምድ ማስረጃ አሠሪው በችሮታ የሚሰጠው ሳይሆን መብታችን እንደሆነም ነገርሽን፤ ሳንይዝ ከግቢው እንዳንወጣም አስጠነቀቅሽን። ራስሽ በዚያው ዝርዝር ውስጥ እንዳለሽ ያወቅነው በኋላ ነው። የራስሽን ጭንቀት ውጠሽ የእኛን ሒሳብ በካልኩሌተር ለየብቻችን ስትሠሪልን ዋልሽ። የአሁኑ ፋብሪካ ከምንም አስቀድሞ የጠየቀኝ ያንን የሥራ ልምድ ማስረጃ ነበር።

የእቁብ ጓደኛዬ ሆይ፣ አንቺን በምን ቃል ላመስግንሽ? ዕጣው ለአንቺ ወጥቶ፣ ጸሐፊው ስምሽን ጠርቶ፣ ሰው ሁሉ እንኳን ደስ አለሽ እያለሽ ሳለ «ለእርሷ ይሁን፤ የእኔን በእርሷ ተራ እወስዳለሁ» ያልሽው ልጅሽን ትምህርት ቤት ልታስገቢ በተዘጋጀሽበት ወር ነበር። በዚያ ገንዘብ ውዝፍ የቤት ኪራይ ከፈልኩ፤ በተረፈው የመጀመሪያዎቹን የጥገና መሣሪያዎቼን ገዛሁ። ካቻቢቴዎቹ ዛሬም በቦርሳዬ ውስጥ አሉ፤ ከፋብሪካው መሣሪያ ይልቅ በእነርሱ መሥራት ይቀናኛል።

የቤት አከራያችን እትዬ፣ ኪራይ ሲዘገይብዎት በሬን ያንኳኩበት ቀን የለም፤ ያንኳኩ የነበረው ትኩስ እንጀራ ይዘው ነበር። በደሴና ኮምቦልቻ መስመር የምትሠራው ረዳት ወንድሜም፣ ወደ ጋሼ ዘንድ ስመላለስ ተሳፋሪ ሳይሰማ በጆሮዬ «ሲኖርሽ ትከፍያለሽ» እያልክ አሳልፈኸኛል። አሁን ስከፍልህ የድሮውን አልቀበልም ብለህ ብትከራከረኝም ውለታህን አልረሳውም።

ባለቤቴ የቀን ሥራ ውሎ ደክሞት ሲገባ እንኳ ልጃችንን አጥቦ፣ አብልቶ ያስተኛት ነበር፤ እኔ ማታ ማታ ለምዘናው እንዳነብ ብሎ። አንድም ቀን «ይህ ነገር የት ያደርሰናል?» አላለኝም። እናቴና የሸዋ በር እናቶች ወዳጃ ተቀምጣችሁ ዱዓ አድርጋችሁልኛል። በየቡናው ላይ «አብሽሪ፣ ያልፋል» ያላችሁኝ ጎረቤቶቼ፣ ብዙ ጊዜ ከቤት የወጣሁት በእናንተ ቃል ነው። ለመድኃኔ ዓለም የተሳለችልኝ የግድግዳ ጎረቤቴ ደግሞ ሥራውን ማግኘቴን በሰማች ሳምንት ስለቷን በራሷ ገንዘብ አስገባች። ልከፍልላት ብሞክር ተቆጣችኝ፤ የተሳልኩት እኔ ነኝ አለች። ወሎ እንዲህ ነው፤ እኔም ከዚህ አገር በመወለዴ አላህን አመሰግናለሁ።

በመጨረሻም አንድ ጉዳይ ላሳውቅ። አብረውኝ ከተቀነሱት እስካሁን ቤት የተቀመጡ አሉ። ጋሼ ጥገና መማር ለምትፈልግ ሴት በሬ ክፍት ነው ብለዋል፤ ስልካቸውን ከእኔ ውሰዱ። የምሠራበት ፋብሪካም ልምድ ያላቸውን የስፌት ሠራተኞች እየመዘገበ ነው። ስትመጡ የሥራ ልምዳችሁንና የጡረታ መለያ ቁጥራችሁን ያዙ፤ የቀድሞ ድርጅታችሁ ማስረጃውን ሳይሰጣችሁ ከቀረም አሁኑኑ በጽሑፍ ጠይቁ። የሚመጣው እሑድ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ቧንቧ ውሃ ሰፈር እናቴ ቤት ቡና ይፈላል፤ ስማችሁን የጠራሁም ያልጠራሁም ኑልኝ።

እህታችሁ፣ ከደሴ