አንድ ሮቶና አንድ ቅጥቅጥ፦ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

የመጽሔቱ አዘጋጆች "ዘገባሽን በአንድ ገጽ ጨርሺ" ብለውኛል። አምና በአንድ ገጽ ጨርሼ ነበር። ዘንድሮ ግን አይበቃኝም፤ ቅር አይበላችሁ።

ትምህርት ቤታችን ትንሽ እንደሆነች ታውቃላችሁ። ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል፣ አንድ ግቢ፣ አንድ የሰልፍ ሜዳ፣ ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ደግሞ የእኛ መደብ። መስከረም ላይ የክበባት ምዝገባ ሲጀመር አብዛኛው ልጅ የሚሮጠው ወደ ሚኒ ሚዲያና ወደ ስፖርት ነው። ማይክ መያዝ ማን ይጠላል? ወደ እኛ የመጡት 34 ናቸው። ግማሾቹ ሌላው ክበብ ሞልቶባቸው እንደመጡ አልደብቅም። ሰኔ ላይ ስንቆጥር ግን 31 ልጆች አሁንም አብረውን ነበሩ። ከጎደሉት ሁለቱ ቤተሰቦቻቸው ሰፈር ቀይረው ትምህርት ቤቱን የለቀቁ ናቸው። ስለዚህ "የአካባቢ ጥበቃ ክበብን ልጆች አይወዱትም" የሚለውን ወሬ ከእንግዲህ ባልሰማ ደስ ይለኛል።

ስብሰባዎቻችንን ባጭሩ ልለፋቸው። አርብ አርብ ከሰዓት ተገናኘን። ሥራ አስፈጻሚ ተመረጠ፣ ቃለ ጉባኤ ተያዘ፣ ዕቅዱ ለርዕሰ መምህሩ ቀረበ። በየክፍሉ ሁለት ካርቶን አስቀመጥን፤ አንዱ ለወረቀት፣ አንዱ ለፕላስቲክ። ሰኞ ጠዋት በሰልፍ ላይ ሁለት ደቂቃ እየተሰጠን መልእክት አነበብን። በሁለተኛው ወሰነ ትምህርት አምስት አርቦች ለማካካሻ ትምህርት ተወስደውብናል። ለ6ኛ ክፍል ፈተና ዝግጅት እንደሆነ ይገባኛል፣ ልጆቹ የእኔም ተማሪዎች ናቸው። ግን ማካካሻ ሁልጊዜ ከክበብ ሰዓት ላይ ብቻ ለምን እንደሚቆረጥ አይገባኝም። የክበቡ ልጆች በትምህርታቸው ደከሙ የሚል ካለ ካርዳቸውን ይዤ ለመነጋገር ዝግጁ ነኝ።

ኅዳር 12ን ግን እንዲሁ አላልፈውም። ኅዳር ሲታጠን ምን እንደሆነ ስጠይቃቸው ልጆቹ "ቆሻሻ የሚቃጠልበት ቀን" አሉኝ። ለምን እንደሚቃጠል ያወቀ አልነበረም። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ አዲስ አበባን ሲፈጅ፣ ቀባሪ ጠፍቶ ሬሳ ቤት ውስጥ ሲቀር፣ ልማዱም ከዚያ ክፉ ጊዜ ጋር ተያይዞ እዚህ እንደደረሰ ነገርኳቸው። ዓለም የስፓኒሽ ጉንፋን የሚለው ወረርሽኝ መሆኑንም ጨመርኩላቸው። አንድ የ3ኛ ክፍል ልጅ እጁን አወጣና "ቲቸር፣ በሽታው ከሄደ ታዲያ ቅጠሉን ለምን እናቃጥለዋለን?" አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነበር። የዚያን ዕለት የግቢውን ቅጠል ጠርገን፣ መጋቢ እናቶች ያስቀመጡልንን የድንችና የሽንኩርት ልጣጭ ጨምረን፣ ጉድጓድ ውስጥ ከተትነው። የኮምፖስት ሥራችን እንዲህ ተጀመረ። የጥበቃው ጋሼ ደስ አላላቸውም። ከአባታቸው የወረሱት ልማድ ነው፣ እንዴት ጭስ አይወጣም? በመጨረሻ አንድ ትንሽ ክምር ለጭሱ ተተወላቸው፤ የቀረው ጉድጓድ ገባ። ዛሬ ያንን ኮምፖስት በየሳምንቱ በአካፋ የሚያገላብጡልን እሳቸው ናቸው። ይህን ሳልጽፍ ባልፍ እቀየማለሁ፣ እግዜር ይስጥልን ጋሼ።

አሁን ወደማይጥመው ልምጣ። በክረምቱ ከተተከሉት 60 ችግኞች የተረፉት 22 ናቸው። ምክንያቱ የልጆቹ ስንፍና አይደለም። ከታኅሣሥ ጀምሮ ውኃ በሳምንት ሁለት ቀን ነበር የሚመጣው፣ ሲመጣም ሌሊት ነው። ሌሊት የሚመጣን ውኃ የሚያጠራቅም ሮቶ ከሌለ ቧንቧው ለእኛ ጌጥ ነው። ልጆቹ ከምሳ በኋላ የእጅ መታጠቢያውን እጣቢ በሃይላንድ እየሞሉ ያጠጡ ነበር። የ8 ዓመት ልጅ ሁለት ሃይላንድ አቅፎ፣ ሸሚዙ ርሶ፣ ከአንዱ ችግኝ ወደ ሌላው ሲሮጥ አይቼ "ክበባት ምን ይሠራሉ?" የሚለውን ጥያቄ መስማት ይከብደኛል። በመጋቢት ደግሞ ለጥገና የመጣ አሸዋ መደባችን ላይ ተራገፈና ሁለት የጎመን መደብ ከሥሩ ቀረ። ማንንም ለመክሰስ አይደለም፤ አሸዋው ለትምህርት ቤቱ ሥራ ነው የመጣው። ግን ሦስት እርምጃ ወደ ግራ ቢራገፍ ኖሮ ጎመኑ ይተርፍ ነበር። በሚቀጥለው አንድ ሰው ይጠይቀን።

እንግዲህ ይህን ሁሉ የጻፍኩት ወደ የካቲት 1 ለመድረስ ነው።

ቅዳሜ ነበር። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ አንድ ቅጥቅጥ በር ላይ ቆመ። 34 ልጆች፣ ሦስት መምህራን፣ አንዲት መጋቢ እናት፣ ሁለት ፌስታል ዳቦና አንድ ማዳበሪያ የድንች ቅቅል። የምንሄደው ወደ ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ነው። የከተማው አስተዳደርና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጋራ ያቋቋሙት፣ 705 ሄክታር የሚሸፍን ጫካ በራሳችን ከተማ ውስጥ ነው፤ ሆኖም ከልጆቹ መካከል ከዚህ በፊት ያየው አንድም አልነበረም። የመኪናውን ኪራይ የሸፈነው ከወላጆች የተዋጣ ገንዘብ ነው። መክፈል ያልቻሉትን ልጆች ድርሻ መምህራን ከኪሳችን ሞላን። ይህንንም የምጽፈው ለምስጋና ሳይሆን በየዓመቱ እንደዚህ መቀጠል ስለማይቻል ነው።

መንገድ ላይ ባሕር ዛፉን አይተው "ጫካው ደረስን!" ብለው ጮኹ። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባ፣ መሠረቱ ከአውስትራሊያ የሆነ ዛፍ እንደሆነ ስነግራቸው ሊያምኑኝ አልፈለጉም። ለእነሱ ዛፍ ማለት ባሕር ዛፍ ነው። ግቢው ውስጥ ገብተው ጽዱን፣ ዝግባውን፣ ጥቁር እንጨቱን ሲያዩ ግን ዝም አሉ። አስጎብኚው ኮሶ ዛፍ ሥር አቁሞ ኮሶ ወንዴና ሴቴ ዛፉ የተለያየ መሆኑን፣ ቀላ ያለውን አበባ የምታወጣው ሴቴዋ መሆኗን አስረዳቸው። ድሮ ሰው ጥሬ ሥጋ ከበላ በኋላ ለትሉ የሚጠጣው ይህን አበባ እንደነበረ ሲነግራቸው ፊታቸውን አኮማተሩ።

በክበባችን አንዲት የ4ኛ ክፍል ልጅ አለች። ስሟን እዚህ አልጽፈውም፣ የምታውቋት ታውቋታላችሁ። ጥቅምት ላይ ከሰሜን ሸዋ ገጠር መጥታ አክስቷ ጋር ነው የምትኖረው። ዘግይታ ስለመጣች ቦታ የነበረው እኛ ክበብ ብቻ ነበር። ሌሎቹ "ቲቸር" ሲሉኝ እሷ "እትዬ" ትለኛለች። ያውም ከተናገረች ነው። አራት ወር ሙሉ ክፍል ውስጥ ድምፅዋን የሰማሁት ስም ስጠራ "አቤት" ስትል ብቻ ነበር። አነጋገሯን እየደገሙ "ባላገር" የሚሏት ልጆች እንደነበሩ አውቃለሁ። ተቆጥቻለሁ፣ መክሬያለሁ፤ ቁጣ ግን ልጅን አያናግርም።

አስጎብኚው አጥር ጥግ የተንጠላጠለ፣ ትንንሽ አረንጓዴ ፍሬ በዘለላ ያንጠለጠለ ሐረግ ጋ ቆመ። "ይህን የሚያውቅ?" አለ። ዝምታ። አንዱ "ወይን!" አለ፣ ሌሎቹ ሳቁ። አስጎብኚው ሊናገር አፉን ሲከፍት ከኋላ በኩል ቀጭን ድምፅ መጣ።

"እንዶድ ነው።"

ሁሉም ዞረ። እኔም ዞርኩ። ልጅቷ መሬት መሬት እያየች ነው። አስጎብኚው እግዜር ይባርከው፣ አልቸኮለም። ወደሷ ሄዶ ቁጢጥ አለና "እንዴት አወቅሽው እሙዬ?" አላት።

"እኛ አገር አጥር ላይ ነው። እናቴ ነጠላ ታጥብበታለች።"

ከዚያ በኋላ የሆነውን እንዴት ልጻፈው? ተናገረች። ፍሬው ሳይቀላ እንደሚለቀም፣ ፀሐይ ላይ እንደሚሰጣ፣ ሲወቀጥ ስለሚያስነጥስ አፍንጫ በነጠላ እንደሚሸፈን፣ ውኃ ሲነካው አረፋው እንዴት እንደሚገነፍል፣ ዓይን ከገባ እንደሚያቃጥል፣ ወንድሟ አንዴ ሊቀምሰው ሲል እናቷ እንዴት እንደጮኸችበት። አስጎብኚው መርዛማ እንደሆነ ለሁሉም ደግሞ አስጠነቀቀና "ነይ እስቲ ከፊት ሁኚ" አላት። ከዚያ ቦታ እስከ መውጫው በር ድረስ ያስጎበኘችን እሷ ናት ብል አልተጋነነም። ግራዋ፣ የጠላ ጋን የሚታጠብበት። ወይራ፣ የወተት ዕቃ የሚታጠንበት። ዳማከሴ፣ ለምች። ጌሾውን ገና ከሩቅ አይታ ሮጠች። ያ "ወይን" ያለው ልጅ ደብተሩን አውጥቶ ከኋላዋ እየተከተለ ስሙን ይጽፋል፤ "ቆይ ቆይ፣ በየትኛው 'ጸ' ነው ጽድ?" ይላታል። እኔ ውኃ የምጠጣ መስዬ ዞር አልኩ። አሥራ አንድ ዓመት አስተምሬያለሁ፤ እንደዚያ ቀን የሆንኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

በሚቀጥለው አርብ የዶክተር አክሊሉ ለማን ነገር አነሳሁላቸው። በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ላይ ስለ ቢልሃርዚያ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ውኃ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። የቢልሃርዚያ ትል ወደ ሰው ከመድረሱ በፊት የሚያድገው በእነዚህ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ ነው። እነሱ ሲሞቱ የበሽታው መንገድ ይቆረጣል። ዶክተር አክሊሉም ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 እ.ኤ.አ. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙ። ልጆቹ አጨበጨቡ። እሷ ግን እጇን አወጣች። ያንን እጅ ሳይ ደስታዬ!

"እትዬ፣ ሴቶቹስ ተሸለሙ?"

መልስ አልነበረኝም። እስካሁንም የለኝም። ጥያቄውን ጽፈን የክበቡ ሰሌዳ ላይ ለጠፍነው፤ ሄዳችሁ ማየት ትችላላችሁ።

ለፋሲካ ሰው ሲመላለስ እናቷ አንድ ፌስታል የደረቀ እንዶድ ላከችልን። የወላጆች በዓል ሰኔ 21 ቀን ሲከበር የክበባችን ጠረጴዛ ላይ ሦስት ነገር ነበር፦ አንድ ሳህን ኮምፖስት፣ የራሳችን ጎመን፣ አንድ ሳፋ ውኃ ከእንዶድ ጋር። የሚኒ ሚዲያው ድምፅ ማጉያ እየጮኸ፣ ዝናቡም እየመጣ፣ ያች ልጅ እጅጌዋን ሰብስባ አንድ የቆሸሸ ነጠላ አጠበች። ተመልካቹ ከበባት። ያስረዱ የነበሩት ግን እሷ ብቻ አልነበረችም፤ ሌሎቹም ተራ በተራ "ሳይቀላ ነው የሚለቀመው" እያሉ ይናገሩ ነበር፣ በእሷው አነጋገር። አክስቷ ከሥራ ቦታ አስፈቅዳ፣ ሽርጧን ሳታወልቅ መጥታ ከኋላ ቆማ ታያለች። "ቤት ውስጥ እንኳ እንዲህ አታወራም ነበር" አለችኝ። ከዚያ በላይ አልተናገረችም።

ስለዚህ ለወተመህ (ለወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት)፣ ለቀድሞ ተማሪዎቻችንና ይህን ለምታነቡ ወላጆች የምጠይቀው ግልጽ ነው። አንደኛ፣ አንድ ሮቶ። አዲስ መሆን የለበትም፣ የማያፈስ ይሁን እንጂ። ሁለተኛ፣ ለመጪው ዓመት አንድ ቀን አንድ ቅጥቅጥ። መኪና ያለው ወላጅ ነዳጁን እኛ ችለን ቢሰጠንም ይበቃል። ሦስተኛው ገንዘብ አይፈልግም፤ የአርብን ሰዓት ተዉልን።

የተረፉት 22 ችግኞች በዚህ ዝናብ ደህና ናቸው። ከእናቷ ፌስታል ውስጥ ከቀሉት ፍሬዎች ዘር አውጥተን በተቆረጠ ሃይላንድ ዘርተን ነበር፣ ሁለቱ በቅለዋል። በሰፈር ያሉ ሦስት የክበቡ ልጆች ክረምቱን ሙሉ ተራ ገብተው ያዩአቸዋል። ቁልፉ ጋሼ ጋ ነው። ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት እኔም እዚያው ነኝ። መኮትኮቻ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ።