የፍቅር ደራሲ ከየት ይቀዳል? የሥነ ጽሑፍ ክበባችን የ2017 ዓ.ም ዘገባ

መስከረም መጨረሻ ላይ ክበባችን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰበሰብ 31 ተማሪዎች መጡ። ቁራጭ ወረቀት አደልኳቸውና ሰሌዳው ላይ አንድ ጥያቄ ጻፍኩ፦ «የፍቅር ልብ ወለድ የሚጽፍ ሰው ታሪኩን ከየት ያመጣዋል?» ስማቸውን ሳይጽፉ እንዲመልሱ ነገርኳቸው።

ወረቀቶቹን ማታ ቤቴ ሆኜ አነበብኳቸው። አብዛኞቹ «ከራሱ ሕይወት» ይላሉ። አንዱ «ፍቅር ያልጎዳው ሰው ሊጽፍ አይችልም» ብሎ ሁለት ጊዜ አስምሮበታል። አንዲት ልጅ ደግሞ «እኔ ፍቅር ይዞኝ አያውቅም። ክበቡ ውስጥ መቆየት እችላለሁ ወይ?» ብላ ጠይቃለች። የማን እንደሆነች እስከ ዛሬ አላውቅም። የዓመቱን ሥራችንን የወሰነችው ግን ያቺ ወረቀት ናት። ለልጅቷ መልስ ልንፈልግላት ይገባ ነበር።

ስለዚህ አንድ ደራሲ ይዘን ዓመቱን ሙሉ አብረናቸው ለመቆየት ተስማማን። ምርጫው ብዙም አላከራከረንም። ሐዲስ ዓለማየሁን መረጥን። የፍቅር ልብ ወለዳቸው «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም ታተመ። ከዚያ ወዲህ ስንት ትውልድ አነበበው! የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን ስም ያልሰማ ተማሪ በክበባችን አልነበረም። መጽሐፉን ዳር ያደረሱት ግን ሦስት ብቻ ነበሩ።

ቤተ መጻሕፍታችን ውስጥ ሁለት ቅጂ አገኘን። አንዱ የመጨረሻ ገጾቹ የሉም። እኔ የራሴን አመጣሁ። ሁለት ልጆች ከወላጆቻቸው ተውሰው መጡ። ያም አልበቃንም። የሚኒ ሚዲያ ክበብ ሞንታርቦውን ሐሙስ ሐሙስ ስላዋሰን ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከውን ማዳመጥ ጀመርን። እዚህ ላይ የሚኒ ሚዲያ ልጆችን ከልብ አመሰግናለሁ። ወጋየሁ የሰብለ ወንጌልን አባት ፊታውራሪ መሸሻን ሆኖ ሲቆጣ መስኮት ላይ ተንጠልጥለው የሚሰሙ ተማሪዎች ከክበቡ አባላት ይበልጡ ነበር።

ከንባቡ ጎን ለጎን የደራሲውን ሕይወት ማጥናት ያዝን። ሐዲስ የተወለዱት ጎጃም፣ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ነው። በልጅነታቸው በቤተ ክርስቲያን ትምህርት አለፉ። ደብረ ኤልያስ፣ ደብረ ወርቅና ዲማ ጊዮርጊስ ተምረዋል። አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ዲማ የሚለውን ስም ሲሰማ ብድግ አለ። «ቲቸር፣ የፊታውራሪ መሸሻ አገር!» አለ። አዎ፣ ራሱ ነው። ደራሲው ቅኔ የተማሩበት አገርና ሰብለ ወንጌል ያደገችበት አገር አንድ ነው። በዛብህም የቅኔ ተማሪ ነው። ያን ቀን ክፍሉ ውስጥ የነበረው ደስታ የተደበቀ ነገር እንዳገኙ ልጆች ነበር።

እኔ ግን ከቦታው ይልቅ ትምህርቱ ላይ ብንቆይ ብዬ አሰብኩ። በሰፈራችን ያሉ አንድ መሪጌታን ለመንኳቸው። ኅዳር ውስጥ መጥተው ሁለት ሰዓት አስተማሩን። የኔታ ስለ ቅኔ ቆጠራ ነገሩን። የቅኔ ተማሪ ከጉባኤ ሲወጣ ከጓደኞቹ ይለያል። የራሱ ዛፍ፣ ወይም የራሱ ድንጋይ አለው። እዚያ ብቻውን ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል። ማንም አያናግረውም። ከዚያ ተመልሶ መምህሩ ፊት ይነግራል። ያ ነገራ ይባላል። ቤቱ፣ ማለትም ስንኙ፣ ከጎደለ፣ ሰሙ ከወርቁ ካልገጠመ፣ መምህሩ ያርማል። የትናንቱን ቅኔ ዛሬ ይዞ መቅረብ የለም። በየጊዜው አዲስ ነው። ጀማሪው ሁለት ቤት ካላት ከጉባኤ ቃና ይነሣና ደረጃ በደረጃ ወደ ረጅሞቹ ያድጋል።

ከተማሪዎቹ አንዷ «የኔታ፣ ሐሳብ አልመጣ ቢልስ?» ብላ ጠየቀች።

«ሐሳብ መቼ ይመጣል ልጄ? ተሂዶ ነው የሚፈለገው» አሏት። «ከብት የጠፋበት ሰው ቤቱ ቁጭ ይላል? ይወጣል፣ ዱካ ያያል፣ ያገኘውን ሰው ሁሉ ይጠይቃል።»

ይህን በየደብተራቸው ሲጽፉት አየሁ። እኔም ጻፍኩት።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ቆጠራና ነገራን የክበባችን ሥርዓት አደረግነው። ስብሰባው ሲጀመር ስልክ ይሰበሰባል። እያንዳንዱ ተማሪ ግቢው ውስጥ የራሱን ቦታ ይይዛል፤ አንዱ ከውሃ ቧንቧው አጠገብ፣ አንዱ ከላብራቶሪው ጀርባ። ሃያ ደቂቃ ብቻውን ይቀመጣል። ከዚያ ተመልሶ የጻፈውን ቆሞ ያነባል፣ ጓደኞቹ ያርሙታል። መጀመሪያ ላይ ሃያ ደቂቃ ዝም ብሎ መቀመጥ ለብዙዎቹ ከባድ ነበር። የካቲት ላይ ግን ሃያው ደቂቃ አነሰን ብለው ሠላሳ አስደረጉኝ።

ስለ ሐዲስ ቀሪ ሕይወት በአጭሩ ልበል። ጣሊያን አገራችንን ሲወር ከራስ እምሩ ጋር በሽሬ ግንባር ዘመቱ። ተማርከው ወደ ጣሊያን ተወሰዱና በደሴት ላይ ጭምር ለዓመታት ታሰሩ። ከነጻነት በኋላ በዲፕሎማትነት ኢየሩሳሌም፣ አሜሪካና ለንደን ሠርተዋል። የትምህርት ሚኒስትርም ነበሩ። በ1948 ዓ.ም «ተረት ተረት የመሠረት» የተባለውን መጽሐፋቸውን አሳተሙ። የፍቅር ልብ ወለዳቸው ለአንባቢ ሲደርስ ዕድሜያቸው ከ50 አልፎ ነበር። ይህ ተማሪዎቼን አስደነገጣቸው። በ17 ዓመታቸው «አርፍጃለሁ» የሚሉ ልጆች አሉኝና ደጋግሜ ነገርኳቸው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ወደ መስከረሙ ጥያቄ ተመለስን። በዛብህና ሰብለ እርስ በርስ መዋደዳቸው ብቻውን ልብ ወለድ አይሆንም፤ የሚዋደዱ ሰዎች በየመንደሩ አሉ። መሃላቸው የቆመውን ነገር እንይ ተባባልን። በዛብህን ወላጆቹ ለቤተ ክርስቲያን ተስለውታል። ሰብለን ደግሞ አባቷ በዘር የሚመጥናት ጠፋ እያሉ ያለ ባል አስቀምጠዋታል። ስለት በአንድ በኩል፣ ዘር በሌላ በኩል። ይህን ለመጻፍ አገሩን ማወቅ ያስፈልጋል፤ ጌታውና ጭሰኛው እንዴት እንደሚነጋገሩ፣ እናት ስትሳል ምን እንደምትል፣ እንደ ጉዱ ካሳ እውነት የሚናገርን ሰው ጎረቤቱ ለምን እብድ እንደሚለው። ያ የሚገኘው ሲያዩና ሲሰሙ በመኖር ነው። እኔ የማምነው ይህን ነው፤ ተማሪዎቼም በራሳቸው መንገድ ደረሱበት።

ታኅሣሥ ላይ የመስማት ደብተር ጀመርን። እያንዳንዱ ተማሪ ቤቱ ወይም ሰፈሩ ካሉ ትልልቅ ሰዎች አንዱን ይጠይቃል፦ «እንዴት ተጋባችሁ? ማን ከለከላችሁ? መጀመሪያ የወደዱት ምኑን ነው?» መልሱን በተናጋሪው ቃል ይጽፋል። የመጣው ነገር ብዛቱ! የወሎዋ አያት የሠርግ ዘፈኖች፣ ሁለት አሥርት ዓመት የተጻጻፉ የወታደር ደብዳቤዎች፣ ጋብቻውን በስልክ ያሰረ የአረብ አገር ስደተኛ። አንድ ልጅ የጎረቤታቸውን ጫማ ሰፊ ጠይቆ ስድስት ገጽ ሞልቶ መጣ።

ጥር ላይ ግን ክፉ ነገር ገጠመን። የአንዲት ተማሪ ደብተር ክፍል ውስጥ ተረስቶ ሌላ ልጅ አገኘውና በእረፍት ሰዓት ጮክ ብሎ አነበበው። ውስጡ የአክስቷ የፍቺ ታሪክ ነበር፤ ከነስሟ። ልጅቷ አለቀሰች። አንባቢው ይቅርታ ጠይቋታል፤ ወደ ክበቡ ለመመለስ ግን ሦስት ሳምንት ፈጀባት። ጥፋቱ የእኔም ነው፤ ደንቡን ከመጀመሪያው ማውጣት ነበረብኝ። አሁን በየደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ተጽፏል፦ ባለታሪኩ ይፈቅዳል፣ ስም ይቀየራል፣ «ይህን አትጻፍ» የተባለ አይጻፍም። ሰው አምኖ የነገረንን መጠበቅ ከመጻፍ ይቀድማል።

ከተሰበሰቡት ሁሉ አንዱን ልንገራችሁ። ባለታሪኳም ጸሐፊዋም ፈቅደውልኛል። የአንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ አያት መንዝ ነው ያደጉት። ሳይጠየቁ፣ የሚያገቡትን ሰው ሳያዩ፣ ገና ልጅ ሳሉ ተዳሩ። ውሃው ሩቅ ነበር። ከተዳሩ በሁለተኛው ወር ታመሙ። ባልየው ጨለማ ጠብቀው፣ ሰው እንዳያያቸው ተደብቀው፣ እንስራውን ይዘው ወንዝ ወረዱ። ያኔ ወንድ ውሃ ሲቀዳ ከታየ መሳቂያ ነበር። ሰባት ሌሊት ቀዱ። ለማንም አልተናገሩም። አያትየው ራሳቸው እንኳ ያወቁት የባላቸውን እርጥብ ጋቢ አይተው ነው።

ልጅቷ ይህን አጭር ልብ ወለድ ልታደርገው ስትነሣ ክበቡ ለሁለት ተከፈለ። አንዳንድ ሴቶች ተማሪዎች «ሳትጠየቅ የተዳረች ልጅ ታሪክ እንዴት የፍቅር ታሪክ ይባላል?» አሉ። ልክ ናቸው። ሌሎቹ «ውሃውስ?» አሉ። እነሱም ልክ ናቸው። ሁለት ሐሙስ ሙሉ ተከራከርን፤ ከዓመቱ ሁሉ የምወዳቸው ሁለት ቀናት እነዚያ ናቸው። ልጅቷ በመጨረሻ ሁለቱንም ያዘች። የታሪኳ ሙሽራ ውሃውን የምትጠጣው ተቆጥታ ነው፤ ቁጣዋም እስከ መጨረሻው አይለቃትም። ወንዙን ወደ ሌላ አገር ወሰደችው፣ ስሞቹን ቀየረች። አምስት ጊዜ እንደገና ጻፈችው።

ሌላውን ሥራችንን በፍጥነት ልጥቀስ። ስድስት የግድግዳ መጽሔት አውጥተናል። በሰልፍ ሰዓት 14 ግጥሞች ተነበዋል። 19 ተማሪዎች መጽሐፉን ዳር አድርሰዋል። መጨረሻውን ላላነበበ እንዳይናገሩ ቃል ስላስገባኋቸው እኔም እዚህ አልናገርም። ከወላጆች በስጦታ ያገኘናቸው አራት ቅጂዎች አሁን ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ አሉ።

ሰኔ ላይ የዓመቱን መዝጊያ በአዳራሹ አደረግን። አያትየው ነጠላቸውን ለብሰው ፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። የልጅ ልጃቸው ቆማ አነበበች። ስትጨርስ አዳራሹ አጨበጨበ። እሳቸው ግን ልጅቷን በእጃቸው ጠሯት።

«እንስራውን በጀርባው አዘለ ብለሻል» አሏት። «አላዘለም። ወንድ መች ማዘል ያውቅና! በትከሻው ነበር የተሸከመው፤ ግማሹ መንገድ ላይ ነው የፈሰሰው።»

ልጅቷ እዚያው እግራቸው ሥር ተቀመጠች። ከኪሷ እስክሪብቶ አወጣችና ወረቀቷ ጠርዝ ላይ መጻፍ ጀመረች።