ለሁለት ወር ብጠፋ ማን ይጠይቀኛል?

ውድ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ።

ባለፈው «ሃይማኖተኛ ሰው ደስተኛ ነው» ብላችሁ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት፣ ሐሳቡ ጥሩ ነው ግን ግማሹን ብቻ ነው የነገራችሁን። ቤተ እምነት መሄድ በራሱ ክኒን አይደለም እኮ። እኔ ዓመት ከምናምን በየሳምንቱ ሳላጓድል ሄጃለሁ፣ ብዙውን ጊዜ ከገባሁት በላይ ከፍቶኝ ነበር የምወጣው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቴ ካረፈች በኋላ ብቻዬን ቤት መቀመጥ አቃተኝና አንድ ትልቅ ጉባኤ መሄድ ጀመርኩ (የትኛው እንደሆነ አልናገርም፣ የየትኛው ሃይማኖት እንደሆነም አልናገርም፣ ችግሩ የሁሉም ስለሆነ)። ትምህርቱ ግሩም ነው፣ ሰዉ እልፍ ነው፣ ሳውንድ ሲስተሙ ራሱ ጉድ ያስብላል። ከኋላ እቀመጣለሁ፣ ሲያልቅ ሰው በቡድን በቡድን ቆሞ ይሳሳቃል፣ እኔ ስልኬን የማይ መስዬ ሹልክ እላለሁ። አንዴ አመመኝና ሁለት ወር ሙሉ ቀረሁ። ተሽሎኝ ስመለስ በር ላይ የሚቀበለው ልጅ ፈገግ ብሎ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው፣ «እንኳን ደህና መጡ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው?»

ሳቅኩ መጀመሪያ። ቤት ስገባ ግን አልሳቅኩም።

ከዛ በኋላ ነው ስለዚህ ነገር ማንበብ የጀመርኩት። ቻዩን ሊም እና ሮበርት ፑትናም የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በፈረንጆቹ 2010 አሜሪካ ውስጥ ያሳተሙት ጥናት አለ፣ ቁጥሩን ስታዩት ይገርማችኋል። በየሳምንቱ እየሄዱ እዛው ከ3 እስከ 5 የቅርብ ጓደኛ ካላቸው ሰዎች ውስጥ 33 በመቶው በሕይወቴ እጅግ በጣም ረክቻለሁ ብለዋል፣ ከ10 አስር የሰጡ ማለት ነው። በየሳምንቱ እየሄዱ ግን እዛ አንድም የቅርብ ጓደኛ የሌላቸውስ? 19 በመቶ። ጭራሽ ሄደው የማያውቁትስ? እነሱም 19 በመቶ! እኔን ነው የጻፉኝ አልኩ።

«ጓደኛ ከሆነማ የትም ይገኛል፣ ሃይማኖቱ ምን አደረገ» የሚል ይኖራል። አይደለም፣ እነሱም አይተውታል። ጓደኝነቱ ይህን ያህል የሚሠራው ሰውየው እምነቴ የማንነቴ ዋና ክፍል ነው ሲል ነው፣ ማለትም አብሮህ የሚያምን ጓደኛ ሌላ ቦታ ያለ ጓደኛ የማይሰጥህን የሆነ ነገር ይሰጥሃል። አብረኸው ጸልየህ፣ አብረኸው ቀብር ቆመህ፣ ከዛ ደሞ ልጁን ስትድር አብረህ... ይሄ በጂም ጓደኝነት የሚመጣ አይመስለኝም።

ለጤናም ቢሆን ቀላል ነገር አይደለም። ሃርቫርድ ያሉት ታይለር ቫንደርዊል እና ባልደረቦቹ 74,534 አሜሪካዊ ሴት ነርሶችን ለ16 ዓመት ተከታትለው በ2016 እንዳወጡት፣ በሳምንት ከአንዴ በላይ አምልኮ የሚሄዱት ጭራሽ ከማይሄዱት ይልቅ በዛ ጊዜ ውስጥ የመሞት ዕድላቸው በ33 በመቶ ያነሰ ነበር። ለዚህ ምክንያት ሆነው ከተገኙት ውስጥ ሲጋራ አለማጨስና ከሰው የሚገኝ ድጋፍ ከፊት ናቸው። ነርሶች ብቻ ናቸው፣ ሴቶች ብቻ ናቸው፣ ለሁሉም ሰው እንዳለ አይገለበጥም፣ ግን አቅጣጫው ያው ነው።

በጣም የወደድኩትን ልንገራችሁ። ለንደን ውስጥ ቻድ ቫራ የሚባሉ የአንግሊካን ቄስ ነበሩ፣ በ1953 ራሳቸውን ለማጥፋት ላሰቡ ሰዎች ስልክ ከፈቱ፣ ሰው ደወለ፣ በአካልም መጣ፣ ወረፋው በዛ። ወረፋ የሚጠብቁትን ሻይ እየሰጡ የሚያጫውቱ በጎ ፈቃደኞች መጡ። ቄሱ ቆይተው ምን አስተዋሉ፣ ብዙዎቹ ከነዚህ ሰዎች ጋር ትንሽ ካወሩ በኋላ ቀለል ይላቸዋል፣ ቄሱ ጋ መግባትም አያስፈልጋቸውም! እሳቸውም አልተቀየሙም፣ በ1954 የማዳመጡን ሥራ ለበጎ ፈቃደኞቹ ለቀቁላቸው። ሳማሪታንስ የሚባለው ድርጅት ይሄ ነው፣ ዛሬም ስልክ ያነሳል። የኛ የሃይማኖት መሪዎች ማይኩን ለቀቅ አድርገው እንዲህ ወንበር ቢያዘጋጁ ምን ነበረበት እላለሁ።

ሌላው ጎንም መነገር አለበት። በ2001 ኬኔት ፓርጋመንት የሚባል የሥነ ልቦና ባለሙያ ከባልደረቦቹ ጋር 55 ዓመትና ከዛ በላይ የሆናቸው 596 ሕሙማን ላይ የሠራው ጥናት ወጥቶ ነበር። «እግዚአብሔር ትቶኝ ይሆን» እያሉ የሚጨነቁት በሁለት ዓመት ውስጥ የመሞት ዕድላቸው በ28 በመቶ ጨምሮ ተገኘ። እንግዲህ ዲፕረሽን ያለበትን ሰው «ጸሎት አንሶህ ነው፣ የሠራኸው ኃጢአት ይኖራል» የምንለው ሰዎች ምን እየሠራን እንደሆነ እናስበው። የታመመ ሰው ሐኪም ጋ ሂድ ይባላል፣ ከሐኪም ሲመለስ ደሞ አብረነው እንጸልያለን፣ ሁለቱ ተጣልተው አያውቁም። ሐሜት ደሞ አለ፣ እሱ ራሱን የቻለ በሽታ ነው፣ ሰው ለአንዱ የተናዘዘውን በሳምንቱ ግሩፑ ሁሉ ሲያውቀው ማን ነው ሁለተኛ አፉን የሚከፍተው።

ታዲያ ምን ይደረግ ብትሉኝ ብዙ ፕሮጀክት አያስፈልግም። ትልቁን ጉባኤ አሥር አሥር ሰው አድርጎ መከፋፈል፣ ማን እንደቀረ የሚያይ ሰው መመደብ (ሊቆጣጠር ሳይሆን ሊደውል)፣ አዲስ ለመጣ ሰው ፎርም ከማስሞላት ሥራ መስጠት። ሥራው ላይ አትሳቁ፣ እኔን ያዳነኝ እሱ ነው። አሁን የምሄድበት ትንሽ ቦታ ሁለተኛው ሳምንት ላይ አንድ አዛውንት መጥተው «አንተ ልጅ ጉልበት አለህ፣ እነዚህን ወንበሮች አጣጥፍልኝ» አሉኝ፣ ስሜን እንኳ ሳይጠይቁ። ወንበር ስናጣጥፍ ስሜን ጠየቁ፣ ስናጣጥፍ ስለ እናቴ ነገርኳቸው። ምንም ምክር አልሰጡኝም። «እህ» ብለው ሰምተው፣ በሚቀጥለው ሳምንት «የእናትህን ስም ንገረኝ፣ ስጸልይ ልጥራት» አሉኝ፣ በቃ እዛው አለቀስኩ።

ባለፈው ወር እሳቸው ቀሩ። አንድ ሳምንት ዝም አልኩ፣ በሁለተኛው ደወልኩ። ጉልበታቸውን አሟቸው ኖሯል። ደስ ይላቸዋል ብዬ ስጠብቅ «በመጀመሪያው ሳምንት አልደወልክም» ብለው ተቆጡኝ፣ ከዛ ወንበሮቹን ማን እንዳጣጠፈ ጠየቁኝ።

አንባቢያችሁ