ፍላሿን በሚኒባስ ልኬልሃለሁ

ደሴ፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ልጄ፣

እንደምን ሰነበትክ? ምራቴስ? የልጅ ልጄ የፊት ጥርሷ ወለቀ ወይስ አሁንም እየነቀነቀችው ነው? እኔ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ብርዱ ግን ዘንድሮ ጨክኗል። ጠዋት ኮፒ ቤቱን ስከፍት ጣቶቼ ኪቦርዱ ላይ አልታዘዝ ይሉኛል። የጦሳ ተራራም እስከ ረፋድ ጉሙን አይገፍፍም። እናንተ ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ሙቀት ውስጥ ተቀምጣችኋል፣ ምን ገዷችሁ።

ባለፈው ደውለህ "እማዬ፣ ያገለገለ ኮምፒውተር ገዛሁ፣ ምን ምን አንቲቫይረስ ልጫንበት?" አልከኝ። ደንበኛ ቆሞብኝ ስለነበር ዘጋሁብህ፣ ይቅርታ። በኋላ ሳስበው ደግሞ በስልክ የሚያልቅ ወሬ አይደለም። "ምን ምን" ያልከው ነገርም አልጣመኝም። አንድ ይበቃሃል፣ እሱም እዚያው ኮምፒውተሩ ውስጥ አለ። ግን ከመጀመሪያው ልነሳ።

መጀመሪያ ሻጩ ጭኖ የሰጠህን ዊንዶውስ አጥፋው። ሰውየው መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ግን ምን እንደጫነበት፣ በምን ክራክ፣ ማለትም በምን የፈቃድ መስበሪያ፣ እንዳስነሳው አንተም አታውቅም፣ ምናልባት እሱም አያውቅም። የሰው ቤት ስትከራይ መጀመሪያ ቁልፉን አትቀይርም? በላክሁልህ ፍላሽ ላይ ዊንዶውስ 11 አለ፣ ከማይክሮሶፍት ከራሱ ገጽ ያወረድኩት ነው። ኮምፒውተሩ ከፋብሪካ ዊንዶውስ ይዞ የወጣ ከሆነ ፈቃዱ ብዙ ጊዜ ማዘርቦርዱ ላይ ስላለ ክራክ አያስፈልግህም። ዊንዶውስ 11 ግን ይመርጣል። ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ከሆነ ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ ወዲህ መሆን አለበት፣ ቲፒኤም 2.0 የሚባለው የደህንነት ቺፕም ያስፈልገዋል። እምቢ ካለህ በዊንዶውስ 10 ቀጥል፣ አብሽር። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ጥገና ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል። ሆኖም ማይክሮሶፍት ለቤት ተጠቃሚ የአንድ ዓመት ማራዘሚያ ሰጥቷል፣ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019። በማይክሮሶፍት አካውንት ገብተህ ከአፕዴቱ ገጽ ላይ ትመዘገባለህ። ያ ዓመት እስኪያልቅ ሌላ ማሽን እንፈልጋለን።

አሁን ወደ አንቲቫይረሱ። ዊንዶውስ 10ም ሆነ 11 ዲፌንደር የሚባል የራሱ ጠባቂ አለው። ነፃ ነው፣ ምንም አትጭንም። አንተ የምታደርገው "ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ" የሚለውን ከፍተህ ምልክቶቹ በሙሉ አረንጓዴ መሆናቸውን ማየት ብቻ ነው። ሌላ አንቲቫይረስ ስትጭንበት ዲፌንደር ቦታውን ለቆለት ይተኛል። ከዚያ የሌላው የሙከራ ጊዜ ያልቃል፣ "ክፈል" እያለ ይጨቀጭቅሃል፣ አንተም ችላ ትለዋለህ። ሁለት ሦስት ስትጭን ደግሞ አንዱ የሌላውን ፋይል እንደ ቫይረስ እያየ ይናከሳሉ። እኔ ቤት የሆነው እንዲያ ነው። አንድ ባለሙያ ነኝ ባይ ሦስት ጭኖልኝ ሄደ፣ አንዱ ክራክ የተደረገ ነበር። ሌባ እንዳይገባ የበሩን ቁልፍ ለሌባ ማስቀረጽ ማለት ነው። ኮምፒውተሩ ራሙ አራት ጊጋ ነው። ወርድ እስኪከፈት ቡና አፍልቼ አቦሉን እጠጣ ነበር።

ነፃ የሚባለውም ሁሉ በነፃ አይደለም። አቫስት የታወቀ አንቲቫይረስ ነው። የተጠቃሚዎቹን የኢንተርኔት ውሎ በሥሩ ባለ ድርጅት በኩል ይሸጥ ስለነበር እ.ኤ.አ. በ2024 የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን 16.5 ሚሊዮን ዶላር አስከፍሎታል። ስለዚህ ሰው "ይሄን ጫን፣ አሪፍ ነው" ሲልህ ከምን እንደሚኖር ጠይቅ።

ዲፌንደርን የሚገድለው ቫይረስ አይደለም። ሰው ነው። የ2012ቱን ነገር ሙሉውን ነግሬህ አላውቅም፣ አፍሬ ነው። የአማርኛ መጻፊያ ፈልጌ ከአንድ የቴሌግራም ቻናል ክራክ የተደረገ አወረድኩ። አብሮት የመጣው ጽሑፍ "ከመጫንህ በፊት አንቲቫይረሱን አጥፋ" ይላል። አጠፋሁት። በገዛ እጄ። ግማሽ ሰዓት አልሞላም፣ የሠርግ ጥሪ እየጻፍኩ ሳለ የፋይሎቹ ምስል አንድ በአንድ ነጭ ወረቀት እየሆነ ሄደ። የፋይሎቹ ስም መጨረሻ ላይ አራት የማላውቃቸው ፊደላት ተቀጠሉ። በየፎልደሩ አንድ የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ተቀምጧል። 980 ዶላር ይላል፣ በ72 ሰዓት ውስጥ ከከፈልሽ ግማሹን። ስንት ዓመት ያጠራቀምኩት የማመልከቻ፣ የውል፣ የሠርግ ካርድ ናሙና ሁሉ ተቆለፈ። እሱስ ይሁን፣ እንደገና ይጻፋል። የአባትህ ፎቶዎች ግን እዚያው ነበሩ።

መኪናውን ተደግፎ የተነሳውን ፎቶ ታስታውሰዋለህ አይደል? አሁን ግድግዳው ላይ ያለው እሱ የተገኘው ለአርባው ባነር ያሠራንበት ቤት ኮምፒውተር ላይ ሳይጠፋ ቀርቶ ነው። ልጁ "እማማ፣ አለኝ እኮ" ሲለኝ እዚያው ተቀመጥኩ። ሌሎቹ እንደተቆለፉ ቀሩ። ዲስኩን አልጣልኩትም፣ ቁም ሳጥን ውስጥ አለ።

ስለዚህ ከማንኛውም ሶፍትዌር በፊት ዲስክ ግዛ። የውጭ ሃርድ ዲስክ፣ አንድ ቴራ ይበቃሃል። በየወሩ የልጅቷን ፎቶና ወረቀቶችህን ገልብጥና ንቀለው። ንቀለው ያልኩህን ልብ በል። እንደተሰካ ካደረ ቆላፊው ቫይረስ እሱንም ይቆልፈዋል። ሁለተኛ ቅጂ ለእኔ ላክልኝ፣ የእኔን ደግሞ አንተ ጋ አስቀምጣለሁ። 25 ኪሎ ሜትር ነው፣ ምን አላት። ግን በ2014ቱ ጦርነት ያየነውን ታውቃለህ፣ ሁለታችንም በአንድ ሰሞን ነው ቤታችንን ጥለን የወጣነው። ሦስተኛዋ አዲስ አበባ እህትህ ጋ ትሁን።

ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ ውስጥ "ራንሰምዌር ፕሮቴክሽን" የሚል አለ፣ የቆላፊው ቫይረስ መከላከያ ነው። ስትገዛው ጠፍቶ ነው የሚመጣው። ካበራኸው የማይታወቅ ፕሮግራም የዶክመንትና የፎቶ ፎልደሮችህን እንዳይነካ ይከለክላል። ትንሽ ያስቸግራል፣ ደህናውንም ፕሮግራም አንዳንዴ ያግዳል። እኔ የአማርኛ መጻፊያዬን ራሱ ሴቭ አላደርግ ብሎኝ በስሙ ፈቅጄለት ነው የታረቅነው። አንተ አብራው።

ፍላሿ ላይ ሦስት ትንንሽ ነገሮች አሉ። አንደኛው ማልዌርባይትስ ነው። እሱ ሁለተኛ ሐኪም ነው፣ የጠረጠርክ ጊዜ ወይም በወር አንዴ ታስፈትሸዋለህ። ስትጭነው የ14 ቀን ሙከራ ልጀምር ሊልህ ይችላል፣ እምቢ በለው ወይም ጊዜው ይለቅ። ነፃው በጠራኸው ጊዜ ብቻ ስለሚሠራ ከዲፌንደር ጋር አይጣላም። ሁለተኛው ፋየርፎክስ ነው፣ የኢንተርኔት ገጽ መክፈቻ። ፋየርፎክስን ከጫንክ በኋላ ዩብሎክ ኦሪጅን የሚባለውን ማስታወቂያ ከልካይ ጨምርበት። ይሄን እንደ ጌጥ እንዳታየው። "ኮምፒውተርዎ ቫይረስ አለበት" እያለ የሚጮኸው ገጽ፣ አረንጓዴው የውሸት "ዳውንሎድ" ቁልፍ፣ አብዛኛው በማስታወቂያ ነው የሚገባው። ልጅቷ ጌም ስትፈልግ የምትጫነው እሱን ነው። የኢንተርኔት ፓኬጅም ይቆጥብልሃል። ክሮም ካልተጠቀምኩ ካልክ ዋናው ዩብሎክ እዚያ አይሠራም፣ "ላይት" የሚባለው ነው ያለው። ከምንም ይሻላል።

ሦስተኛው ኪፓስኤክስሲ ነው፣ የይለፍ ቃል ማስቀመጫ። ኢንተርኔት አይፈልግም፣ ሁሉንም በአንድ ፋይል ቆልፎ ይይዛል። አንተ ካሁን ጀምረው። እኔ እውነቱን ልንገርህ፣ ደብተር ላይ ነው የምጽፈው። ልጆቹ ይስቁብኛል። ግን ሩቅ አገር ያለ ሌባ ደብተሬን አያነበውም፣ ቤቴ የሚገባውን ደግሞ አውቀዋለሁ። የሚያስፈራኝ እንዳንተ ለኢሜይልም ለቴሌግራምም የልጅቷን የልደት ቀን ማድረግ ነው። ዛሬውኑ ቀይረው። የቴሌግራሙን ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫም አብራው።

እነ ኮምፒውተር አፍጣኝ፣ ድራይቨር አዳሽ፣ ሬጅስትሪ አጽጂ ደጅህ አይድረሱ። አንድም ቀን ያፈጠኑት ኮምፒውተር አላየሁም።

የማያስከፍል አንድ ነገር ደግሞ አለ። ለልጅቷና ለምራቴ የተለየ አካውንት ክፈት፣ አድሚን ያልሆነ። አንተም ለየቀኑ እንዲሁ። ያኔ ማንኛውም ነገር ልጫን ሲል የይለፍ ቃል ይጠይቃል። የሰባት ዓመት ልጅ ስትጠይቅህ ቢያንስ አንዴ አንገትህን አዙረህ ታያለህ።

ስለ ፍላሽ ልንገርህ፣ ይሄ የእንጀራዬ ነገር ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ላብ በላብ ሆኖ መጣ። የመመረቂያ ጽሑፉ ያለበትን ፍላሽ ሲከፍት አንድ ሾርትከት ብቻ ነው የሚያሳየው። "ጠፋብኝ" አለ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ። ፍላሹ ግን አምስት ጊጋ ተይዟል ይላል። ያልጠፋ ነገር ነው የሚመዝነው አልኩት። ቫይረሱ ፎልደሮቹን አይሰርዝም፣ ይደብቃቸዋል። በቦታቸው ሾርትከት ያስቀምጣል። ያቺን ስትነካ መጀመሪያ ቫይረሱ ይነሳል፣ ቀጥሎ የራስህን ፎልደር ይከፍትልሃል። ስለዚህ ምንም የሆነ አይመስልህም። ከ"ቪው" ገብቼ የተደበቁ ፋይሎችን አሳይ አልኩት፣ የሲስተም ፋይሎችን ደብቅ የሚለውንም ምልክት አነሳሁ። ሁሉም ብቅ አሉ፣ ደብዘዝ ብለው። ልጁ ግንባሬን ሊስመኝ ምንም አልቀረው። ኮፒ አስደርጌ፣ ፍላሹን ፎርማት አድርጌ ሰጠሁት። አሥር ብር ሊሰጠኝ ሲል አልተቀበልኩም፣ ለምረቃው እንጂ።

አንተም ፍላሽ ስትሰካ ቶሎ አትክፈት። በቀኝ ጠቅ አድርግና በዲፌንደር አስፈትሸው። ኮፒ ቤት ስትሄድ ደግሞ፣ የእኔን ቤት ጨምሮ፣ የምታሳትመውን አንድ ፋይል ብቻ ይዘህ ሂድ። ቢቻል በቴሌግራም ላክላቸው። የአንድ ቀን ደንበኛ ሁሉ ፍላሽ እዚያች ማሽን ውስጥ ገብቶ ወጥቷል።

የፋይል ስም መጨረሻ እንዲታይህም አድርግ፣ እዚያው "ቪው" ውስጥ ነው። ዊንዶውስ ይደብቀዋል። "የስም ዝርዝር ፒዲኤፍ" ብሎ የመጣልህ ነገር መጨረሻው ነጥብ ኢኤክስኢ ከሆነ ዝርዝር አይደለም፣ ፕሮግራም ነው።

የዳታውን ነገር አውቃለሁ። በስልክህ ሆትስፖት ስትጠቀም ግንኙነቱን "ሚተርድ" አድርገው፣ አለዚያ አፕዴቱ ፓኬጅህን በአንድ ማታ ይጨርሰዋል። ግን በሳምንት አንድ ሌሊት ፍታው፣ ይዘምን። ዊንዶውስ 10 ላይ ብትቀርም የዲፌንደር የቫይረስ ዝርዝር እስከ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2028 ይመጣልሃል። ኔት ከጠፋ ደግሞ ያን ዝርዝር ለብቻው በፋይል ማውረድ ይቻላል። እኔ አውርጄ እልክልሃለሁ።

ዕቃው እሑድ ጠዋት ከመናኸሪያ በሚወጣው ሚኒባስ ይመጣል። ሹፌሩ ሲደውል ስልክህን አንሳ፣ ባለፈው ሰውየውን ቁጭ አድርገኸዋል። በርበሬው ሁለት ኪሎ ነው፣ ለምራቴ ስጣት። ድርቆሹ ለልጅቷ ነው፣ አንተ እንዳትጨርስባት። ፍላሿን ግን መልስልኝ፣ ሌላ የለኝም። ስትመልስ ሌላ ቦታ ሰክተሃት ከነበረ በወረቀት ጻፍልኝ፣ ያኔ በደንበኞቹ ኮምፒውተር ላይ ነው የምከፍታት።

እናትህ