የአደጋ ጠቋሚው ሽቦና አንቴና

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

አውሮፕላን ሲከሰከስ ያለበትን ቦታ የሚያሳውቀው መሣሪያ በተነሳ ቁጥር ወሬው ስለ ባትሪው ዕድሜ ብቻ ነው። ሽቦውስ? ሐምሌ 5 ቀን 2005 ዓ.ም. ለንደን ሂትሮው ላይ ሰው ሳይኖርበት ቆሞ የነበረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 787 አውሮፕላን እሳቱ የተነሳው ከኋላ ጣሪያው ውስጥ ካለው ከዚሁ መሣሪያ ነው። የብሪታንያ መርማሪዎች የሊቲየም ባትሪው ሽቦዎች ከክዳኑ ሥር ተቆንጥጠው እንደነበር ደርሰውበታል፤ ሾርት ያደረገውም ይኸው ሳይሆን አይቀርም። ክዳኑ ከመታሰሩ በፊት ሽቦው የት እንደተኛ በባትሪ መብራት ይታይ።

አንቴናው ከተሰበረ ወይም ገመዱ ከተነቀለ መሣሪያው ቢበራም በ406 ሜጋኸርዝ በየ50 ሰከንዱ ገደማ የሚልከው ምልክት ሳተላይት ጋ አይደርስም። በ121.5 ሜጋኸርዝ ብቻ የሚሠራውን አሮጌውንማ ከ2009 እ.ኤ.አ. ወዲህ የሚሰማው ሳተላይት የለም። አውሮፕላኑ ሲሸጥም የመሣሪያው ምዝገባ ይታደስ፤ አለዚያ የፍለጋና ነፍስ አድን ማዕከሉ የሚደውለው ለቀድሞው ባለቤት ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የአውሮፕላን ጥገና ባለሙያዎች